ጥቆማ፦ ድጋሚ የዳሌና የጉልበት ቅየራ፣ ፕሮፎርማና ዕቃ ስታነጻጽሩ

ጥያቄ፦ አንዴ የተቀየረ ዳሌ ወይም ጉልበት እንደገና ይከፈት ሲባል፣ ከሁለት ሆስፒታል የሚመጣው ፕሮፎርማ አንዱ የሌላው እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? የትኛውን አገልግሎትና የትኛውን ዕቃ ትመክራላችሁ?

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፦
ዋጋው ይቆይና መገጣጠሚያው ለምን እንደከሸፈ ያጣራው የትኛው ነው? ኤክስሬይ ብቻ አይቶ «ላልቷል፣ ይቀየራል» ብሎ ፕሮፎርማ የሚጽፈውን ርካሽ ቢሆንም አልመክርም። ያላላው ድብቅ ኢንፌክሽን ከሆነ አዲሱ ዕቃ የሚተከለው ጀርም ላይ ነው። ተመልሶ ይወጣል፣ ሂሳቡም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ማጣራቱ ውድ አይደለም። መጀመሪያ ሲአርፒና ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች)፣ ከዚያ በመርፌ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ መቅዳት ነው። ከቀዶው ወራት ካለፉ በኋላ ሲአርፒ በሊትር ከ10 ሚሊግራም፣ ኢኤስአር በሰዓት ከ30 ሚሊሜትር ካለፈ፣ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ነጭ የደም ሴል በማይክሮሊትር ከ3,000፣ ከእሱም ኒውትሮፊል የሚባለው የሴል ዓይነት ከ80 በመቶ ከበለጠ ኢንፌክሽን አለ ብላችሁ ተነሱ። ሕመምተኛው ትኩሳትና መድከም ከሌለው ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት አንቲባዮቲክ አይወስድ። ነገሩ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ለማንኛውም» ተብሎ የተሰጠ ኪኒን ካልቸሩን (ጀርሙን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራውን) ባዶ ያደርገዋል። ላቦራቶሪው ናሙናውን እስከ 14 ቀን የሚያቆይ ይሁን፣ ቀስ ብለው የሚያድጉ ጀርሞች በ3 ቀን አይታዩም። በቀዶው ጊዜም ከተለያየ ቦታ 5 የሚሆን የሥጋ ናሙና ይወሰዳል፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ንጹሕ መሣሪያ። ከሁለቱ አንድ ዓይነት ጀርም ከበቀለ ጉዳዩ አለቀ፣ ኢንፌክሽን ነው።

ኢንፌክሽን ከተገኘ ሦስት መንገድ አለ፣ ዋጋቸውም ሰማይና ምድር ነው። ሕመሙ ከጀመረ 3 ሳምንት ያልሞላውና ብረቱ ያልተነቃነቀ ከሆነ ይታጠባል፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ ይቀየራል፣ ብረቱ ይቀራል። ርካሹ ይሄ ነው፤ ለቆየ ኢንፌክሽን ግን አይሆንም፣ ጀርሙ ብረቱ ላይ ሽፋን ሠርቶ አንቲባዮቲክ አይደርስበትም። ሁለተኛው በአንድ ቀዶ አውጥቶ መትከል ነው፤ ጀርሙ አስቀድሞ ተለይቶ ከታወቀና ቆዳውና ጡንቻው ደህና ከሆነ ብቻ። ሦስተኛው ሁለት ዙር ነው፦ ይወጣል፣ አንቲባዮቲክ ያለበት የሲሚንቶ ስፔሰር (ቦታውን የሚይዝ ጊዜያዊ ዕቃ) ይገባል፣ ብዙ ጊዜ 6 ሳምንት መድኃኒት ይወሰዳል፣ ከዚያ አዲሱ ይተከላል። ሁለት ሰመመን፣ ሁለት አልጋ፣ ሁለት የደም ዝግጅት ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ሳይደርስላቸው የሚቀሩ ሕመምተኞችም አሉ፣ ይህን ማንም ፕሮፎርማ ላይ አይጽፈውም።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፦
ዶክተሩ ስፔሰሩን በአንድ ቃል አለፉት፤ እኛ ጋ ግን ጣጣው ብዙ ነው። በፋብሪካ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የ40 ግራም ሲሚንቶ በአብዛኛው ከግማሽ እስከ 1 ግራም መድኃኒት ብቻ ነው ያለው። ያ ዕቃ ለማጣበቅ እንጂ ለስፔሰር አይበቃም። ለስፔሰር የሚጨመረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም በዱቄትነቱ ይገባል። በፈሳሽ የተበጠበጠ መድኃኒት ሲሚንቶውን ያላሽቀዋል። ይህን ያህል መጠን ሲገባ ኩላሊትም ሊጎዳ ስለሚችል ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) በየጊዜው ይታይ፣ ምርመራውም ፕሮፎርማው ውስጥ ይግባ።

ስለ ዕቃው ምርጫ ደግሞ፦ በድጋሚ ዳሌ ላይ የጭኑ አጥንት ላይኛው ክፍል ስለሚበላ፣ አጥንቱ ውስጥ የሚገባው አጭሩ የመጀመሪያ ዘንግ አይይዝም። ወደ ታች ወርዶ ጤነኛውን አጥንት የሚነክስ ረጅም ባለ ሸንተረር የቲታኒየም ዘንግ ያስፈልጋል። መውለቅ ያስቸገረው ዳሌ ከሆነ ዱዋል ሞቢሊቲ የሚባለውን (በሁለት ቦታ የሚንቀሳቀስ) ካፕ፣ ማለትም የዳሌውን ጎድጓዳ ዕቃ፣ ጠይቁ። ለጉልበት፣ አጥንቱ ከተቦረቦረ ጉድጓዱን የሚሞላ ባለ ቀዳዳ ብረት ኮን ወይም ስሊቭ አለ፣ ጅማቶቹ ካልያዙ ባለ ማጠፊያው (ሁለቱ ብረቶች በመታጠፊያ የተያያዙበት) ነው።

አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ልብ በሉ፤ ሴራሚክ ተሰብሮ የሚከፈት ዳሌ ላይ የብረት ራስ አይደረግም። ሥጋው ውስጥ የቀረ ስባሪ ብረቱን ይፈጨዋል። በደንብ ተጠርጎ ሴራሚክ ራስ ነው የሚመለሰው፤ የድሮው ዘንግ ካልወጣም ከራሱ ሥር የቲታኒየም እጀታ ይገባል፣ አለዚያ የተጫረው የዘንጉ አንገት አዲሱንም ይሰብረዋል። ይህች ትንሽ እጀታ በመጋዘን ስለማትገኝ ስንቱ ቀጠሮ ይተላለፋል።

የቀዶ ሐኪሙ መልስ፦
ባለ ማጠፊያው ላይ አልስማማም። አቅራቢዎች በቀላሉ ይሸጡታል፣ ነገር ግን ጉልበቱ በራሱ የማይሸከመውን ኃይል ሁሉ ወደ ዘንጉና ወደ አጥንቱ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ይላላል። መካከለኛ ድጋፍ ያለው ዕቃ ከበቃ እሱ ይቅደም። ማጠፊያው የጎን ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ለጠፋበት ነው።

ብረት ከብረት የሚገናኝ የድሮ ዳሌ ያላችሁ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የተሰበሰበው ኤኤስአር የተባለው የዳሌ ዕቃ ከሆነ፣ ሳያምማችሁም ከብረቱ ወደ ደም የሚገቡትን የኮባልትና የክሮሚየም መጠን አስለኩ። በሊትር ከ7 ማይክሮግራም በላይ ከሆነ ልዩ ኤምአርአይ ወይም አልትራሳውንድ ይጨመራል።

የሆስፒታል ሂሳብ ባለሙያ፦
እጥፍ ልዩነቱን ልንገራችሁ፦ አንዱ ፕሮፎርማ «ዕቃ እንደ ዕለቱ ሁኔታ» ይላል፣ ሌላው ጣሪያውን ይጽፋል። ጣሪያ የሌለውን አትፈርሙ። አቅራቢው ብዙ መጠን ያላቸውን ሳጥኖች ይዞ ይገባል፣ የምትከፍሉት ለገባው ነው። ተከፍቶ ላልተገባው ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይወሰን። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሬፍና ሎት ቁጥር (የዕቃው መለያና የምርት ዙሩ) ያለበት ስቲከር አለ፣ ከቀዶ ሪፖርቱ ላይ ይለጠፋል። ስትወጡ የስቲከሮቹን ቁጥር ከደረሰኙ መስመር ጋር አስተያዩ።

በፕሮፎርማው ላይ ለብቻ መኖር ያለባቸው፦ የማውጫ መሣሪያ ኪራይ፣ ደም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በቀን፣ የ6 ሳምንት አንቲባዮቲክ፣ ሁለተኛው ዙር፣ ሲያስፈልግ ኦስቲዮቶሚ (ዘንጉን ለማውጣት የተሰነጠቀውን አጥንት) ለማሰር የሚውለው ሽቦ።

ጠያቂው፦ የመጀመሪያው ቀዶ ስቲከር ከጠፋስ?

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፦
መጀመሪያ የተሠራበት ሆስፒታል የኦፕሬሽን መዝገብና የሕመምተኛው ካርድ ላይ ይኖራል፣ ቅጂውን አስወጡ። ካልተገኘ ጥርት ያለ ኤክስሬይ ለዕቃ ወኪሎች ይላክ፣ ቅርጹን ያውቁታል። ሳይታወቅ ከተገባ ፕላስቲክ ብቻ መቀየር ይበቃ የነበረው ሙሉ ብረቱን ወደ ማውጣት ይሄዳል፤ የአንዱ ፕላስቲክ በሌላው ካፕ አይገባምና።

ፊዚዮቴራፒስት፦
ጉልበት ማጠፊያ ማሽን አትከራዩ፣ ገንዘቡን ለቀጠሮ ፊዚዮቴራፒ አውሉት። አጥንት ተሰንጥቆ ዘንጉ የወጣ ከሆነ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሙሉ ክብደት አይጣልም፣ ስለዚህ ዎከር ያስፈልጋል። እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የዎከሩ እጀታ ከእጅ አንጓ ጋር እኩል ይሁን። ከፍ ያለ የመጸዳጃ መቀመጫ ለዳሌ የግድ ነው፤ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ከወጣ ወደ ኋላ የመውለቅ አደጋው ያኔ ነው። የዎከሩንም የእግር ጎማ አዩ፣ ያለቀ ጎማ እርጥብ ወለል ላይ ያንሸራትታል።