ፍሎረንስ ለምትሄዱ፦ የትኛው ሙዚየም፣ የትኛው ምሳ ቤት?

ፍሎረንስ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አላችሁ እንበል። ሥዕልም ማየት፣ ምግብም መቅመስ ትፈልጋላችሁ፤ ኪሳችሁ ግን ወሰን አለው። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከሮም በጠዋት ባቡር መጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው ዱኦሞን (ካቴድራሉን) ከውጭ አይቶ፣ ጄላቶ (የጣሊያን አይስክሬም) በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ቢሄድ ይበቃዋል።

ከሁሉ በፊት፦ በቀን ከአንድ ትልቅ ሙዚየም በላይ አትያዙ። ትኬቱ ውድ ነው፤ እግርም ዓይንም ይደክማል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ማርያም አንድ ዓይነት መምሰል ይጀምራሉ።

"ኡፊዚ ወይስ አካዴሚያ?" ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ ኡፊዚ። ሰው ሁሉ አካዴሚያ የሚሰለፈው በዋናነት ለአንድ ሐውልት ነው፤ ለሚኬላንጄሎ ዳዊት። እ.ኤ.አ. ከ1501 እስከ 1504 የተቀረጸ፣ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው እብነ በረድ ነው። ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ ላይ ቅጂው ቆሟል፤ እሱን ማየት በነጻ ነው። እውነተኛው ከዚያ ቦታ የተነሳው በ1873 ነው። አካዴሚያ ከገባችሁ ግን ወደ ዳዊት አትሩጡ። እሱ ጋ በሚያደርሰው አዳራሽ ግራና ቀኝ "እስረኞች" የሚባሉት ያላለቁ የሚኬላንጄሎ ሐውልቶች አሉ፤ ግማሽ አካላቸው አሁንም ድንጋዩ ውስጥ ነው። መዶሻውና መሮው የት ላይ እንደቆሙ በግልጽ ይታያል። እኔ ከዳዊት ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ።

ኡፊዚ በሞቃቱ ወራት 25 ዩሮ አካባቢ ነው፤ ሰዓት ለማስያዝ ደግሞ አራት ዩሮ ይጨመራል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከሙዚየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ የምትገዙትም ከዚያው ይሁን። ስትፈልጉ ከላይ ከላይ የሚመጡላችሁ ብዙዎቹ ሻጮች ዋጋ ቆልለው የሚሸጡ ናቸው። ኡፊዚም አካዴሚያም ሰኞ ዝግ ናቸው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ይከፈታሉ፤ ወረፋው ግን ለብቻው ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

የቦቲቼሊ የቬነስ ልደትና ፕሪማቬራ ያሉበት ክፍል ሰው በሰው ነው። በሩ እንደተከፈተ ግቡና መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ፤ ወደ ሊዮናርዶ ብስራት በኋላ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቀና በሉ። ከጣሪያው ሥር፣ ከሰው ቁመት በጣም ከፍ ብሎ፣ የነገሥታትና የታዋቂ ሰዎች ምስል በተርታ ተሰቅሏል። የፍሎረንስ ገዢ የነበረው ቀዳማዊ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ክሪስቶፋኖ ዴላልቲሲሞ የሚባል ሠዓሊ ወደ ኮሞ ከተማ ልኮ፣ ከታሪክ ጸሐፊው ከፓኦሎ ጆቪዮ የምስል ስብስብ ያስገለበጣቸው ናቸው። ከነዚያ መካከል የእኛው ዐፄ ልብነ ድንግል አሉ። አብዛኛው ጎብኚ አንገቱን ስለማያቀና ሳያያቸው ያልፋል። ሐበሻ ሆኖ ኡፊዚ ገብቶ እሳቸውን ሳያይ የሚወጣ ሰው ግን ያሳዝነኛል።

የእኛና የፍሎረንስ ነገር ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1441 ኢየሩሳሌም ከነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት የተላከ ቡድን አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ ለተጠራው የፍሎረንስ ጉባኤ እዚህ መጥቶ ነበር። ጉባኤው በከተማዋ ስብሰባ ካካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን። ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ መጀመሪያ እዚያ ግቡ። የማዛቾ ሥላሴም ግድግዳው ላይ አለ።

አሁን ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ ብዙ የሚሰጡት። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ሳን ማርኮ ነው፤ የቀድሞ የዶሚኒካውያን ገዳም። ፍራ አንጀሊኮ በየመነኩሴው ክፍል ውስጥ አንድ አንድ የግድግዳ ሥዕል ሠርቷል። ደረጃውን ስትጨርሱ ብስራቱ ፊት ለፊት ይቀበላችኋል። ሰባኪው መነኩሴ ሳቮናሮላ የኖረበት ክፍልም እዚያው ነው። ከአካዴሚያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ይረክሳል፤ ጸጥ ያለ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ ሰዓት በኋላ ይዘጋል። የቅርጻ ቅርጽ ፍቅር ያለው ባርጄሎን ይጨምር፦ የዶናቴሎ የነሐስ ዳዊት እዚያ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው የብራንካቺ ጸሎት ቤት ደግሞ ትንሽ ነው፤ ሰዓት ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ማዛቾ የሣላቸውን ከገነት የሚባረሩ አዳምና ሔዋን ለማየት ግን ያዋጣል።

ጉልላቱ ላይ እንውጣ ወይስ ማማው ላይ? የብሩኔሌስኪ ጉልላት 463 ደረጃ አለው፤ የጆቶ የደወል ማማ 414። ሁለቱም ሊፍት የላቸውም። ጉልላቱ ጠባብ ነው፤ መጨናነቅ የማይወድ ሰው ይቅርበት፤ ሰዓቱም ቀድሞ ይሞላል። እኔ ማማውን እመርጣለሁ፤ ጉልላቱ ላይ የወጣ ሰው ጉልላቱን አያይም። ካቴድራሉ ውስጥ መግባት በነጻ ነው፤ ውስጡ ግን ከውጩ ጋር ሲነጻጸር ባዶ ነው፤ ወረፋው ረጅም ከሆነ እለፉት። ከጀርባው ያለውን የዱኦሞ ሙዚየም ግን አትለፉ። ቀራፂው ጊቤርቲ ከ1425 እስከ 1452 የደከመባቸው የመጠመቂያ ቤቱ የነሐስ በሮች፣ እውነተኞቹ፣ እዚያ ናቸው። ምንም ሳትከፍሉ ከተማዋን ከላይ ማየት ካማራችሁ ፒያሳሌ ሚኬላንጄሎ ውጡ፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ሳን ሚኒያቶ አል ሞንቴ አለ፤ ሰው ይቀንሳል።

ወደ ሆድ ጉዳይ። ፒያሳ ላይ በፎቶ የተደገፈ ሜኑ ይዞ አስተናጋጁ የሚጠራችሁ ቤት ከሆነ፣ አመስግናችሁ እለፉ። ለምሳ ሁለት ገበያዎች አሉ። መርካቶ ቼንትራሌ ከ1874 ጀምሮ ያለ የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነው። ፎቁ በ2014 የተከፈተ ዘመናዊ የምግብ አዳራሽ ነው፤ ምርጫው ሰፊ፣ ዋጋው ትንሽ ከበድ ያለ። ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ይመቻል። ምድር ቤት ግን ኔርቦኔ የሚባል ጥንታዊ ምግብ ቤት አለ፤ ላምፕሬዶቶ የምትቀምሱት እዚያ ነው። የከብት ጨጓራ አራተኛው ክፍል ተቀቅሎ፣ በአረንጓዴ ሶስ፣ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። ጨጓራ የማይወድ አይሞክረው፤ የሚወድ ግን ሁለተኛ ማዘዙ አይቀርም። ሳንትአምብሮጆ ገበያ ደግሞ አነስ ያለ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የሚገበይበት። ለእኔ እሱ ይበልጣል።

ቪያ ዴ ኔሪ ላይ ያለው አል አንቲኮ ቪናዮ በስኪያቻታ ሳንድዊቹ ስሙ የወጣ ነው። ዳቦው ግሩም ነው። ወረፋው አንዳንዴ መንገዱን ይዘጋል፤ ጠዋት፣ ገና ምሳ ሳይደርስ ሂዱ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ፕሮሹቶ፣ ሞርታዴላ፣ ፊኖኪዮና ሁሉም የአሳማ ናቸው። ብዙ የቶስካና (ፍሎረንስ ያለችበት ክልል) የፓስታ ሶስም አሳማ ይገባበታል። አሳማ ለማይበላ ሰው "ሴንሳ ማያሌ" ማለት ይበቃል። ላምፕሬዶቶና ቢስቴካ (ወፍራም ጥብስ ሥጋ) የከብት ናቸው።

ቢስቴካ አላ ፊዮረንቲና እንደ ቁርጥ በኪሎ ነው የሚሸጠው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አያንስም። ለሁለት ወይም ለሦስት እዘዙ፤ ከማዘዛችሁ በፊት የኪሎውን ዋጋ ጠይቁ። ላዩ ይጠበሳል፣ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይቀርባል። በደንብ አብስሉልኝ ካላችሁ ብዙ ቤት ፊት ይነሳል፤ ቀይ ሥጋ የማይወድ ሰው ሌላ ነገር ቢያዝ ይሻላል።

በጾም ወቅት የምትሄዱ አትጨነቁ፤ ቶስካና ውስጥ ጾመኛ አይራብም። ሪቦሊታ የባቄላ፣ የጥቁር ጎመንና የደረቀ ዳቦ ሾርባ ነው። ፓፓ አል ፖሞዶሮ ቲማቲምና ዳቦ፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ፓንሳኔላ፣ የዳቦና የቲማቲም ሰላጣ። ፋጆሊ አሉቼሌቶ የሚባለው ባቄላ በቲማቲም ነው። ሁሉም በወይራ ዘይት ነው የሚሠሩት። አንዳንድ ቤት ግን የሥጋ መረቅ ወይም ፓንቼታ ጣል ያደርጋል፤ ስለዚህ "ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ" (ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ) በሉ። ዳቦው ጨው የለውም፤ ረስተውት አይደለም፤ የአገሩ ልማድ ነው።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ማኪያቶ ብትሉ የሚመጣላችሁ ትንሽ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ ያለ ወተት ነው፤ የአዲስ አበባው ዓይነት ካማራችሁ ካፑቺኖ እዘዙ። ምግብ ቤት ደግሞ ሒሳቡ ላይ "ኮፔርቶ" የሚል ጥቂት ዩሮ ታያላችሁ፤ የወንበርና የዳቦ ነው፤ አትጣሉ።

ጄላቶ ተራራ አክሎ፣ ቀለሙ ደምቆ ከታየ አትግዙ። ፒስታቺዮው ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ፔርኬ ኖ ከ1939 ጀምሮ ያለ ነው፣ ለዱኦሞም ቅርብ ነው። ላ ካራያ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ዋጋው ደህና ነው። ጾመኛ በውሃ የተሠራ የጥቁር ቸኮሌት ወይም የፍራፍሬ ሶርቤቶ ይጠይቅ።

ቆዳ ለምትገዙ፦ ሳን ሎሬንሶ ያሉት ድንኳኖች ርካሽ ናቸው፤ መከራከርም ይቻላል፤ ግን ብዙው ዕቃ ፍሎረንስ የተሠራ አይደለም። ሳንታ ክሮቼ ጀርባ ያለው ስኩዎላ ዴል ኩዎዮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወላጅ አልባ ልጆችን ሙያ ለማስተማር የተቋቋመ ነው። ሠራተኞቹ ሲቆርጡና ሲሰፉ ፊት ለፊት ታያላችሁ። ውድ ነው። ቦርሳ ባይቻል ቀበቶ ወይም የኪስ ቦርሳ ከዚያ ግዙ።

መጓጓዣ ቀላል ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ትራም ቲ2 ወደ መሐል ከተማ በሃያ ደቂቃ አካባቢ ያደርሳል፤ ታክሲ አያስፈልግም። ከሮም በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ፍሬቻሮሳና ኢታሎን አወዳድሩ፤ ቀድሞ የገዛ በጣም ይረክስለታል። መኪና የምትከራዩ ካላችሁ ወደ መሐል ከተማ አታስገቡት፤ ፈቃድ የሌለውን መኪና ካሜራው ያነሳል፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።