ፖስትግሬስ ላይ ከሌላ ዳታቤዝ የሚያነብ ቪው እንዴት ነው የሚሰራው?

ባለሱቁ_ዴቭ፦ ሰላም ጓዶች፣ አንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ዳታቤዝ አለኝ፣ ሽያጭ እና ስቶክ፣ ሽያጩ ውስጥ ሆኜ የስቶኩን የዕቃ ቴብል ጆይን የሚያደርግ (ከሽያጩ ጋር የሚያገናኝ) ቪው፣ ማለትም እንደ ቴብል የሚነበብ የተቀመጠ ኩዌሪ፣ ፈልጌ ነበር፣ በፊት ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ስም፣ ነጥብ፣ ስኪማ (ዳታቤዝ ውስጥ ቴብሎች የሚመደቡበት ክፍል)፣ ነጥብ፣ ቴብል ብዬ ጽፌ አለቀ፣ እዚህ ግን ክሮስ ዳታቤዝ ሪፈረንስ አልተሰራም ይለኛል። ሁለቱም እዛው አንድ ማሽን ላይ ናቸው እኮ! መላ ካላችሁ በናታችሁ።

ኩዌሪ_ነኝ፦ ፖስትግሬስ ላይ አንድ ኮኔክሽን የሚያየው አንድ ዳታቤዝ ብቻ ነው፣ አንድ ማሽን ላይ መሆናቸው ምንም አይጠቅምህም። ከ9.3 ጀምሮ ያለውን የፖስትግሬስ ኤፍዲደብሊው ኤክስቴንሽን (የሌላ ዳታቤዝ ቴብል እዚህ እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ) ሽያጩ ላይ ጫን፣ ከዛ ክሪኤት ሰርቨር ብለህ ወደ ስቶክ ጠቁመው፣ ዩዘር ማፒንግ ላይ የስቶኩን ዩዘርና ፓስወርድ ስጠው፣ ከዛ ኢምፖርት ፎሪን ስኪማ (የስቶኩን ቴብሎች እንደ ፎሪን ቴብል የሚያስገባው ትዕዛዝ)፤ እሱን ስትል ሊሚት ቱ ብለህ የምትፈልገውን ቴብል ብቻ አምጣ፣ አለበለዚያ ስኪማው ሙሉ ይግተለተልብሃል። በቃ ከዛ በኋላ ቪውህን እንደማንኛውም ቴብል አድርገህ ጻፍ። ዲቢሊንክም (ኩዌሪ ወደ ሌላ ዳታቤዝ የሚልክ ሌላ ኤክስቴንሽን) አለ ግን በየኩዌሪው ኮለሞቹን ከነታይፓቸው መዘርዘር ያስጠላል።

ሰላም_ዲቢኤ፦ እኔን ከጠየቅከኝ ግን ሁለቱም ያንተ ከሆኑ ለምን አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሁለት ስኪማ አታደርጋቸውም? ጆይኑም ይፈጥናል ፎሪን ኪይም (አንዱ ቴብል ሌላው ውስጥ ያለ ዋጋ ብቻ እንዲይዝ የሚያስገድድ) ማሰር ትችላለህ፣ ኤፍዲደብሊው ላይ እሱ የለም።

ባለሱቁ_ዴቭ፦ ስቶኩ የሌላ ቲም ነው እንጂ ደስ ባለኝ። ኤፍዲደብሊው ሰራልኝ ተባረኩ! ግን ጆይኑ ይንቀረፈፋል፣ ደሞ ለሪፖርት ዩዘሩም ፓስወርድ መስጠት አለብኝ እንዴ?

ኩዌሪ_ነኝ፦ አይ፣ በቪው ከገባ የሚሰራው የቪው ባለቤት ማፒንግ ነው፣ ለሱ ቪው ላይ ሰሌክት ብቻ ፍቀድለት። ስለ ፍጥነቱ ኤክስፕሌይን ቨርቦዝ (ኩዌሪው እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ብለህ ሪሞት ኤስኪውኤል የሚለውን መስመር እየው፣ ዌር (ማጣሪያ) ከሌለው ቴብሉን ሙሉ እየጎተትክ ነው፤ ዌሩ ላይ ራስህ የጻፍከው ፈንክሽን ካለ ብዙ ጊዜ ወደዛ አይላክም። ዩዝ ሪሞት ኤስቲሜትንም (የኩዌሪውን ወጪ ግምት ከስቶኩ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ሴቲንግ) አብራው፣ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ሰላም_ዲቢኤ፦ የትናንት ዳታ ከበቃህ ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱን ራሱ የሚያስቀምጥ ቪው) አድርገው ማታ ማታ ሪፍሬሽ ይሁን፣ ሰው እያነበበ እንዳይቆለፍበት ኮንከረንትሊ በል፣ እሱ ደግሞ ዩኒክ ኢንዴክስ (ዋጋ እንዳይደገም የሚያደርግ ኢንዴክስ) ይፈልጋል። ያ ቲም አዲስ ኮለም ቢጨምር ደሞ ፎሪን ቴብሉ አያውቅም፣ አንተ ነህ ኦልተር የምታደርገው (የምታስተካክለው)።