በሌላ ድርጅት ስም ሱቅ መክፈት ይሻላል ወይስ ኔትወርክ ማርኬቲንግ? ከሐዋሳ የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ (ሐዋሳ፣ ታቦር)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና እህቴ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሥራ ላይ ለማዋል ስናስብ ሁለት አማራጭ ቀረበልን። አንደኛው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በርከት ያሉ ቅርንጫፎች ያሉት የኬክና የቡና ቤት ባለቤት፣ እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በእሳቸው ስም እንድንከፍት የሚሰጡን ፈቃድ (ፍራንቻይዝ) ሲሆን፣ የመግቢያ ክፍያና ከየወሩ ሽያጭ 5 በመቶ ይጠይቃሉ። ሁለተኛውን ያመጣልን የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ የጤና ማሟያ እንክብሎች የያዘ ፓኬጅ ገዝተን አባል ከሆንን፣ እኛ ካስገባናቸው ሰዎችም ሆነ እነሱ ከሚያስገቧቸው ኮሚሽን እናገኛለን። ልጁ «ፍራንቻይዝም ያው ነው፤ እዚያም ከፍላችሁ ነው የምትገቡት፤ የእኛ ግን ርካሽ ነው» ይለናል። ሁለቱ በእርግጥ አንድ ናቸው? ከመወሰናችን በፊትስ ምን ምን ማጣራት አለብን?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ

በሁለቱም ተከፍሎ እንደሚገባ ልጁ የተናገረው እውነት ነው። መመርመር ያለበት ግን ከገባችሁ በኋላ የምታገኙት ገንዘብ ከማን እንደሚመጣ ነው። ፍራንቻይዝ የገዛ ሰው የታወቀ ስም፣ የአሠራር ሥርዓትና ሥልጠና ያገኛል፤ ገቢው የሚመጣው ግን ኬክና ቡና ፈልጎ በበሩ ከሚገባው ደንበኛ ነው። እዚሁ ከተማችን ያለው የሞሃ ፋብሪካ ፔፕሲን ሲሞላ የቆየው በተመሳሳይ ፈቃድ ነው፤ ጠርሙሱን ከፍቶ የሚጠጣው ሰው ከኩባንያው ጋር አንዳች ውል የለውም፣ ስለጠማው ብቻ ይገዛል።

ለእናንተ በቀረበው ኔትወርክ ግን ዕቃውን የሚገዛው በአብዛኛው አባል ለመሆን የፈለገ ሰው ይመስለኛል። እያንዳንዱ አባል ስድስት ሰው ያስገባል ብለን ብናሰላ፣ በሁለተኛው ደረጃ 36፣ በአምስተኛው 7,776፣ በስምንተኛው ደግሞ 1,679,616 አዲስ አባል ያስፈልጋል። ሐዋሳ ይህን ያህል ሕዝብ የላትም። ስለዚህ መጨረሻ የሚገቡት፣ ማለትም ከሁሉም የሚበዙት፣ ከበታቻቸው የሚያስገቡት ሰው አያገኙም፤ ስንፍናቸው ወይም ትጋታቸው ይህን ስሌት አይለውጠውም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን የከለከለው፣ ሸማቹ ሌሎች ሸማቾችን በማምጣቱ ተጨማሪ ጥቅም ያገኛል ተብሎ ገንዘብ እንዲያወጣ የሚደረግበትን አሠራር ለመግታት ነው። የቀረበላችሁን የክፍያ ዕቅድ ከዚህ ክልከላ ጋር አስተያዩት።

መልስ፦ ቀድሞ በቀጥታ ሽያጭ የሠራች

ከላይ የተሰጠውን መልስ ባከብርም፣ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ሁሉ ፒራሚድ ነው ብሎ መደምደም ተገቢ አይመስለኝም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 አምዌይ የተባለው የቀጥታ ሽያጭ ኩባንያ ፒራሚድ አይደለም ብሎ ሲወስን፣ ኩባንያው ያልተሸጠ ዕቃ መልሶ የመግዛት ደንብ ያለው መሆኑን፣ አከፋፋዩም ከገዛው ዕቃ ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲሸጥና በየወሩ ለአሥር ደንበኞች መሸጡን እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ ያለው መሆኑን ከግምት አስገብቷል። ስለዚህ ልጁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሰው ሳናስገባ ዕቃውን ብቻ ሸጠን እናተርፋለን? ያልሸጥነውን ትመልሱልናላችሁ? ይህስ በጽሑፍ ሰፍሯል?

እኔ የሠራሁበት ኩባንያ ለሦስተኛው ጥያቄ የሚያሳየኝ ወረቀት አልነበረውም። በመደርደሪያዬ ላይ የቀሩት ካርቶኖች የአገልግሎት ጊዜያቸው ሲቃረብ፣ ያስገባኝ ሰው የመከረኝ ለዘመድ በዱቤ እንድሰጥ ነበር። በአክስቴና በእኔ መካከል የገባው ቅሬታ ከገንዘቡ ይልቅ ቆይቷል። በዕድርና በማኅበር የሚተዋወቅ ሰው ከሚሸጥለት እንክብል ይልቅ የሻጩን ፊት አይቶ ይገዛልና፣ ይህን አስቀድማችሁ ብታስቡበት እወዳለሁ።

ያው የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያዎች ራሳቸው ይፋ ያደረጓቸውን 70 የገቢ መግለጫዎች መርምሮ፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች በዓመት ያገኙት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች መሆኑን አሳይቷል። አብዛኞቹ መግለጫዎች ደግሞ የተሳታፊውን ወጪ አይቀንሱም።

መልስ፦ የውል ጉዳይ የሚከታተል

የኬክ ቤቱንም ውል ሳትመረምሩ እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ። 5 በመቶው የሚታሰበው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። በወር 300,000 ብር ብትሸጡ 15,000 ብር ትከፍላላችሁ፤ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ዱቄትና ወተት ተቀንሶ የሚተርፋችሁ 30,000 ብር ቢሆን፣ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ወሩ ኪሳራ ቢሆንም ክፍያው አይቀርም።

በአሜሪካ ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ድርጅት ስለ ክፍያው፣ ስለ ክስ ታሪኩና ስለተዘጉ ቅርንጫፎቹ የሚገልጽ ሰነድ ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ለገዢው የመስጠት ግዴታ አለበት። እናንተም ባለቤቱን ይህንኑ ዓይነት መረጃ ብትጠይቁ፣ ሐቀኛ ነጋዴ ከሆኑ ቅር አይሰኙም። በዚህ ሰነድ ላይ ብቻ ግን አትተማመኑ፤ አዲስ አበባ ሄዳችሁ በእሳቸው ስም የሚሠሩትን ሰዎች፣ በተለይ የተዉትን፣ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ስሙ በንግድ ምልክትነት መመዝገቡን አረጋግጡ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፍራንቻይዝን የሚመለከት ድንጋጌ ስላለው፣ ውሉን ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ቀርባችሁ ስለ ምዝገባው ጠይቁ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልጁን ጠየቅሁት፤ ያልተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ ነገረኝ፤ ስለዚህ ያንን ትተነዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ባለቤቱ ነገ እዚሁ ሐዋሳ ሞኖፖል ሰፈር ለሌላ ሰው ፈቃድ ቢሰጡብን ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ የውል ጉዳይ የሚከታተል

ውሉ ዝም ካለ ብዙ ማድረግ አትችሉም። በመሆኑም ለስንት ዓመት እና በየትኛው አካባቢ ውስጥ ሌላ ቅርንጫፍ እንደማይከፈት በስም ተጠቅሶ ይጻፍ፤ «ሐዋሳ ከተማ» ተብሎ ቢሰፍር የተሻለ ነው። ሙሉ ከተማውን እንቢ ካሉ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሲያስቡ ቅድሚያ ለእናንተ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገቡ። ውሉ ሲያበቃ ማሽኖቹና የቤቱ ኪራይ ውል የማን እንደሚሆኑም አብሮ ይወሰን፤ የኪራይ ውሉ በእናንተ ስም ይሁን።