ሃሎፔሪዶል ለጀመረ ሁሉ አርቴን አብሮ ይታዘዝ?

ጤና መኮንን፣ ደሴ ዙሪያ፦
ያ ጀመዓ፣ ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው። ሃሎፔሪዶል (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ኪኒን) ለሚጀምር ታካሚ በሙሉ የእሱን ጎንዮሽ ጉዳት የሚያስታግሰውን አርቴን (ትራይሄክሲፌኒዲል) አብሮ መጻፍ ልማድ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለመከላከያ ብላችሁ ለሁሉም አትስጡ ይላል። እኔ የምቆመው ለልማዱ ነው።

ምክንያቴ መንገዱ ነው። አንገት የሚያጣምመው፣ ዓይን ወደ ላይ የሚሰቅለው፣ መንጋጋ የሚቆልፈው ጎንዮሽ ጉዳት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። በገበያ ቀን ደሴ ወርዶ መድኃኒቱን የያዘ ልጅ በሦስተኛው ሌሊት ከገደል ማዶ ባለው ቤቱ አንገቱ ቢጣመም ማን ይደርስለታል? ቤተሰቡ «ጂኑ ተነሳበት» ብሎ ኪኒኑን ይጥላል። ያ ቤት ሁለተኛ መድኃኒት ለማስገባት እሺ አይልም። ጉሮሮ ከተያዘ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም ይከሰታል።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ የአርቴኑ ማብቂያ ቀን የት አለ? ማዘዣው ላይ «ለ1 ወር» ይጻፋል፣ ወሩ ሲያልቅ ያው ይገለበጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ለ5 ቀን ስጋት የሁለት ዓመት ኪኒን!

ኪኒኑም ገር አይደለም። አፍና ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባት ሽንታቸው ይታገታል፤ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ላለበት ሰው አደጋ ነው። በዕድሜ የገፉትን ያስረሳል፣ ያቃዣል፤ ቤተሰብ ሕመሙ ባሰ ይልና ሃሎፔሪዶሉ ይጨመራል። ላብም ይቀንሳል። ደሴ ብርድ ናት፣ እዚህ ኮምቦልቻ ግን ሙቀቱ ይከብዳል፤ ፋብሪካ ውስጥ ምድጃ አጠገብ የሚውል ሰው ካላላበው ሰውነቱ ይግላል። ስሜትን ሞቅ ስለሚያደርግም ያለ ሕመም የሚፈልገው አለ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን፣ ባዶ አፍ የሚያላምጠውን ጉዳት ደግሞ አርቴን አያድነውም፤ ያብሰዋል እንጂ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ደሴ፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት መነሻውን መጠን ነው። ጠዋትና ማታ 5 ሚሊ ግራም ተብሎ ከተጀመረ አንገት ቢጣመም ምን ይገርማል? መነሻው በቀን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነው። ያለው ኪኒን ባለ 5 ከሆነ ግማሹ፣ ማታ፣ አንድ ጊዜ። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ በቀን ሦስቴ መከፋፈል አያስፈልግም። እንቅልፍ አጣ፣ ተረበሸ ብላችሁም አትቆልሉት፤ ለዚያ ለጥቂት ቀን ማታ ማታ ዳያዜፓም ይበቃል። የሌለ ድምፅ መስማቱ እስኪቀንስ ሳምንታት ይፈልጋል። በየሁለት ቀኑ መጨመር ጎንዮሹን እንጂ መዳኑን አያፈጥንም።

ከመጣመሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አልቀመጥ ማለቱ ነው። ታካሚው ወንበር ላይ እግሩን ያፈራርቃል፣ ብድግ ይላል፣ በረንዳውን ይመላለሳል፤ ቆሞም አንዱን እግር አንስቶ ሌላውን ይጥላል። ሲጠይቁት «ውስጤ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። ይህን እንደ ሕመም ቆጥሮ መጠን መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ጭንቀቱ ሰውን ራሱን እስከማጥፋት ሊያደርሰው ይችላል። አርቴን እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። መጀመሪያ መጠኑን መቀነስ፤ ካልቀለለው አስም ለሌለበት፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ከታየ በኋላ፣ ፕሮፕራኖሎል 10 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ።

ጤና መኮንን፣ ደሴ ዙሪያ፦
ሲስተር፣ መጠኑን ተቀብያለሁ። ግን በግማሽ ኪኒንም አንገቱ የሚጣመም ወጣት አለ። ጤና ጣቢያ ከደረሰ ፕሮሜታዚን ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል። ችግሩ መድረሱ ነው። ሞዲኬት (ፍሉፌናዚን፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው) መርፌ ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ለሳምንታት እዚያው ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
ስለ ሞዲኬቱ እስማማለሁ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው 12.5 ሚሊ ግራም ብቻ የሚሆነው። ረመዳንም አይረሳ፤ አፍ እያደረቀበት የሚጾም ሰው አርቴኑን ብቻ ለይቶ አይተውም፣ ሁለቱንም ይተዋል። ሃሎፔሪዶሉ ከኢፍጣር በኋላ አንዴ ብቻ ከሆነ ግን ጾሙም መድኃኒቱም ይሄዳል። ጫትንም ጠይቁ። ጫት የሚሠራው ሃሎፔሪዶሉ ከሚሠራው በተቃራኒ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እየቃመ ለሚመሽ ሰው መጠን መጨመር ከንቱ ልፋት ነው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ደሴ፦
እንግዲህ አርቴን ለማን ይሰጥ ካላችሁ፦ ከዚህ በፊት ተጣሞ ለሚያውቅ፣ ወይም ቤቱ ለራቀ ወጣት ወንድ። 2 ሚሊ ግራም ጠዋትና ከሰዓት፣ ለ7 ቀን። ማዘዣው ላይ «14 ፍሬ፣ አይደገምም» ተብሎ ይጻፍ። ለአዛውንት አይጀመር። ለአስታማሚው ደግሞ እዚያው እያለ አንገትን በእጅ አዙሮ ማሳየት፦ «እንዲህ ከሆነ ጂን አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፣ መርፌ ያስለቅቀዋል፣ አብሽሩ»። ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መገተርና መቀባዠር አንድ ላይ ከመጡ ግን አርቴን የሚመልሰው ነገር አይደለም፤ ሃሎፔሪዶሉ ይቆማል፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል።

ጤና መኮንን፣ ደሴ ዙሪያ፦
14 ፍሬውን ተቀብያለሁ፤ «ለሁሉም» ያልኩትንም እተዋለሁ። ሁለት ዓመት የሞላቸውስ?

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
በአንድ ቀን አይቋረጥም። በየሁለት ሳምንቱ 2 ሚሊ ግራም እየቀነሱ፣ መንቀጥቀጥና መገተር ተመልሶ እንደሆነ እጁን እያስዘረጉ ማየት። ከተመለሰ መጀመሪያ የሚነካው የሃሎፔሪዶሉ መጠን ነው።