አዲስ የአእምሮ ሕክምና ዋርድ፦ ነርሶቹ እንዳይለቁብን ቅድሚያ ምን ይሟላ?

አስተባባሪዋ
ሰላም ባልደረቦች። አጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ 20 አልጋ ያለው የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ሊከፈት ነው። የሚመደቡት ነርሶች ከወዲሁ «በታካሚ እንመታለን» ብለው ፈርተዋል። አስተዳደሩ ጥበቃ ልጨምርላችሁ ይላል። ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር ልጠይቅ?

የማታ ተረኛ
እህቴ፣ ከጥበቃው በፊት ርክክቡን አስተካክይ። «ታካሚው ደህና አድሯል» የሚል ርክክብ ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግረውም። ታካሚው በቅርቡ ወደ ጠብ ሊያመራ እንደሚችል የሚገመትበትን የብሮሴትን መመዘኛ ተጠቀሙ፤ ለአንድ ታካሚ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስድስት ምልክቶች አሉት፦ ግራ መጋባት፣ ውሃ ቀጠነ ብሎ መቆጣት፣ ጩኸትና ሁካታ፣ በቃል መዛት፣ ለመምታት እንደተነሳ ሰው በአካል ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት። ላለው 1፣ ለሌለው 0። ድምሩ 1 ወይም 2 ከሆነ ነቅቶ መጠበቅ ነው፤ 3 ከደረሰ ማን እንደሚያናግረው፣ ማን ሌሎቹን ከክፍሉ እንደሚያወጣ ወዲያው ይወሰን። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ ሁሌም ድምፁ ከፍ ለሚል ታካሚ 1 የሚሰጠው ከልማዱ ሲብስ ብቻ ነው። ያለዚያ ሁሉም ሰው «አደገኛ» ይሆንና ወረቀቱን የሚያየው ይጠፋል።

ሲስተር
ጥበቃን በተመለከተ፦ ዱላ ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው የተረበሸውን ታካሚ ይበልጥ ይረብሸዋል። ጥበቃው ዞር ብሎ፣ ሲጠራ በሚሰማበት ቦታ ይሁን፤ ታካሚን የማረጋጋት ሥልጠናውንም ከነርሶቹ ጋር ይውሰድ። ማረጋጋት ላይ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ሰው በአንድ አፍ «ተቀመጥ!» ሲል ታካሚው የሚሰማው ከበባ ነው። የሁለት ክንድ ርቀት ይጠበቅ፤ ነርሷ ለበሩ ትቅረብ፣ የታካሚውን መውጫ ግን አትዝጋ። መታወቂያ በአንገት ገመድ አይንጠልጠል፣ በመቆንጠጫ ደረት ላይ ይያዝ። ስቴቶስኮፕም ከአንገት ይውረድ።

አስታማሚ የሚያመጣው ዕቃም መግቢያው ላይ ይታይ፦ ምላጭ፣ ጠርሙስ፣ ቀበቶ። በትሕትና፣ ሁሉንም እኩል።

ፋርማሲና ዋርድ
እኔ የምጨነቀው የተረበሸ ታካሚ የማረጋጊያ መርፌ ከተወጋ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው። ማረጋጊያው ሃሎፔሪዶል ከተሰጠ በኋላ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አንገት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። «እያስመሰለ ነው» ተብሎ ከታለፈ ታካሚው በቀጣዩ ቀን መርፌ ሲያይ ይደባደባል፤ ነርሷ የምትመታውም ያኔ ነው። ፕሮሜታዚን ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም በጡንቻ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይለቀዋል። ስለዚህ ፕሮሜታዚን ማታ በተቆለፈ ፋርማሲ ውስጥ ሳይሆን ዋርዱ ካቢኔት ውስጥ ይገኝ። ሌላው ማረጋጊያ ዲያዜፓምና ሃሎፔሪዶል በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀሉም። ከመርፌው በኋላ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት በየ15 ደቂቃው ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና ንቃት ይመዝገብ። ታካሚው የግድ ከታሰረ ደግሞ በፊቱ አይደፋ፣ የጣቶቹ ቀለምና ሙቀት ይታይ። ይህን ሁሉ በማታ ሁለት ነርሶች ብቻቸውን አይወጡትም፤ አንዷ ከታሰረው አጠገብ ስትቀመጥ 19 ሰው ለአንዷ ይቀራል። አስተዳደሩ ፊት ይህን ቁጥር አቅርቢ።

የማታ ተረኛ
ልክ ነው። አንድ ልጨምር፦ ዋርዱ የቅጣት ምደባ አይሁን። ከሌላ ክፍል ተጣልቶ የተላከ ነርስ ታካሚውንም እንደ ቅጣት ያየዋል። የተመታች ነርስ ካለች ደግሞ መጀመሪያ ትታከም፣ የጉዳት ቅጹ በዚያው ፈረቃ ይሞላ። «ምን ብለሽው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሰው ያስለቅቃል።

አስተባባሪዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለማታ ሦስተኛ ነርስና ፕሮሜታዚኑን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የመመዘኛውን ቅጽ በአማርኛ ያዘጋጀ ካለ ቢልክልኝ?