የማስረዳት ሸክም የማን ነው?

ቡናው፦ ሰላም ጀለሶች፣ ትናንት እዚህ ጅማ ሄርማታ ቡና እየጠጣን አንዱ «ፈጣሪ የለም» ሲል ሌላው ስኒውን ቁጭ አድርጎ «እንግዲያው አለመኖሩን አስረዳና» ብሎ አፋጠጠው። ማነው ማስረዳት ያለበት?

ጅሬን፦ «አለ» ያለው ነዋ! እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እኮ በ1952 እ.ኤ.አ. በመሬትና በማርስ መሀል ፀሐይን የምትዞር በቴሌስኮፕ እንኳ የማትታይ የሻይ ጀበና አለች ብል ማስተባበል ስላልቻላችሁ ብቻ እመኑኝ ልላችሁ አልችልም ብሏል

የፈረንጅ አራዳው፦ ቆይ ወንድሜ፣ «አላመንኩም» ሌላ «የለም» ሌላ፣ «የለም» ካለ እሱም የራሱን ያስረዳ እንጂ ምን ነካው። ደሞ አሜሪካዊው ፈላስፋ ፕላንቲንጋ፣ ሌላ ሰው አእምሮ እንዳለው ሳናረጋግጥ እናምን የለ፣ በአምላክ ማመንም እንደዛ ነው ባይ ነው (እኔን ብዙም አላሳመነኝም)

ቡናው፦ «አላውቅም» ያለውስ?

ጅሬን፦ እሱማ ምን ብሎ ነው የሚያስረዳው 😂