ሴት ሐኪሞች እንዳይዝሉ፦ ከዲዩቲ (ተረኝነት) በኋላም የሚከተለንን ሥራ በምን እንገድበው?

ማለዳ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ እህቶች። በየስልጠናው «ራሳችሁን ተንከባከቡ፣ እምቢ ማለትን ልመዱ» ይባላል፤ ምክሩም እዚያው ላይ ያበቃል። እምቢ የሚባለው ለማን ነው? በምን ቃል? ከ24 ሰዓት ዲዩቲ በኋላስ እንቅልፉ እንዴት ይካካሳል? እዚህ የውስጥ ደዌም፣ የማህፀንና ጽንስም፣ የሳይካትሪም ባለሙያዎች ስላላችሁ በዝርዝር ብትጽፉልን ለብዙዎች ይጠቅማል።

በተለይ ሦስት ነገር ይብራራ። አንደኛ፣ ተራ ድካምና በርንአውት (ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛል) በምን ይለያሉ? ሁለተኛ፣ ሥራ አስረክባ የወጣች ሐኪም ስልኳ ለምን አያርፍም? ሦስተኛ፣ ማንም የማይቆጥረው ሥራ አለ፦ ቤተሰብ ማጽናናት፣ የተኳረፉ ባልደረቦችን ማስታረቅ፣ የዲዩቲ ፕሮግራም ማውጣት፣ ያለቀሰች ኢንተርንን (ተለማማጅ ሐኪምን) ማባበል። ይህ ሁሉ ወደ ሴቶች ያዘነብላል። ሳይጣሉ እንዴት ይመለሳል?

—

ሳይካትሪ_ክፍል

የመጀመሪያውን ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል፤ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። ምንጩ ለረጅም ጊዜ መላ ያልተበጀለት የሥራ ጫና ነው። ሦስት ገጽታ አለው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ እና «የምሠራው ለውጥ አያመጣም» የሚል ስሜት። ተራ ድካምን ሁለት ሌሊት የጠገበ እንቅልፍ ያቀለዋል። በርንአውት ግን ፈቃድ ተወስዶም ሥራ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ቀድሞ የሚያስታውቀው ሁለተኛው ገጽታ ነው፤ ታካሚ ሲብስበት ማዘን ቀርቶ መናደድ ከተጀመረ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ «በርንአውት ነው» ብለሽ ነገሩን ከመዝጋትሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንዱ ድብርት ነው። በርንአውት በአብዛኛው ሥራው ዙሪያ ይቆያል፤ ድብርት ግን ከልጅ ጋር መጫወትንም፣ ምግብንም፣ ወዳጅንም ያደበዝዛል። ፒኤችኪው-9ን (ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መመዘኛ ቅጽ) ለታካሚ እንደምትሞዪው ለራስሽ ሙዪው። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ባለሙያ ይመዝንሽ። ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ በሚጠይቀው በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ መልስሽ ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን ድምሩን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰውና ለባለሙያ ተናገሪ። ሴት ሐኪሞች ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ራስን የማጥፋት አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷልና ይህን ጥያቄ በጥድፊያ የምታልፍ እህት አትኑር።

ሌላው ሰውነት ነው። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) ይታዩ። ሄሞግሎቢን ሳይወርድ ፌሪቲን ብቻውን ወርዶ ሊያደክም ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ደግሞ የታይሮይድ ብግነት ድካምንና የስሜት መለዋወጥን አምጥቶ «የእናትነት ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የራስሽ ሐኪም ይኑርሽ፤ ካርድ አውጥተሽ፣ ቀጠሮ ይዘሽ። ኮሪደር ላይ ባልደረባን መጠየቅ ምርመራ የለውም፣ ክትትልም የለውም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. የጄኔቫን ቃል ኪዳን (የሐኪሞችን የሙያ መሐላ) ሲያሻሽል፣ ሐኪም ከፍተኛ ደረጃ ያለው ሕክምና ለመስጠት ሲል የገዛ ጤናውንና ደኅንነቱን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ቃል ጨምሯል። ራስን መጠበቅ የሙያው ግዴታ እንጂ ቅንጦት አይደለም ለሚል ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

—

ውስጥ_ደዌ_ራውንድ

ስልኩ የማያርፈው ርክክቡ ስላላለቀ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የጸባይ ይመስለናል፤ «እምቢ ማለት አልችልም» እንላለን። የሚደወልበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብትጽፊው ግን አብዛኛው ርክክቡ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

አይ-ፓስ የሚባለውን የርክክብ ሥርዓት ተጠቀሙ። አምስት ክፍል አለው፦ የሕመሙ ክብደት፣ የታካሚው አጭር ታሪክ፣ የሚሠሩ ሥራዎች፣ ሊፈጠር የሚችለውና ሲፈጠር የሚደረገው፣ በመጨረሻ ተረካቢዋ የሰማችውን በራሷ ቃል መልሳ መናገሯ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመውና በዘጠኝ ሆስፒታሎች በተደረገው ጥናት የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት በ30 በመቶ ቀንሷል፤ ርክክቡ የወሰደው ጊዜም ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም።

ስልክ የሚያስደውለው አራተኛው ክፍል ሲጎድል ነው። «ሽንቷን ተከታተሉ» ተብሎ ከተጻፈ ተረኛዋ ሌሊት ላይ ትደውላለች፤ እውነቷን ነው። «ሽንቷ ለ6 ሰዓት በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር ከወረደ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) አለመደፈኑን አረጋግጪ፣ የፈሳሽ ሚዛኗን እዪ፣ የክሬአቲኒንና የፖታሲየም የደም ምርመራ ላኪ፣ ከዚያ ለተረኛው ሲኒየር (ከፍተኛ ሐኪም) ንገሪ» ተብሎ ከተጻፈ ግን የሚደወልበት ምክንያት አይኖርም። ይህን በጠና ለታመሙት በሙሉ ጻፊ፤ ለተረጋጉት አንድ መስመር ይበቃል። አምስተኛው ደግሞ ሲቸኮል መጀመሪያ የሚዘለል ነው፤ የተሳሳተ መረዳት የሚያዘው ግን እዚያ ላይ ነው።

ከመውጫ ሰዓትሽ 30 ደቂቃ ቀደም ብለሽ አስቸኳይ ያልሆነ አዲስ ሥራ አትጀምሪ። ያልደረሱ የላብራቶሪ ውጤቶችን በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሪ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የሚከታተለው ሰው ስም ይኑር። «ሁላችሁም እዩት» የተባለን ውጤት ማንም አያየውም።

ከሁሉ በላይ «ከተቸገራችሁ ደውሉልኝ» የምትለዋን ከአፋችን እናውጣት። በቅንነት ትባላለች፤ ግን ተረኛውን ሲኒየር ታልፈውና ኃላፊነቱን ቤትሽ ድረስ ታመጣዋለች። በእሷ ፈንታ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ውሳኔው የተረኛዋ ነው፤ ከከበዳት የሚጠራው ሲኒየር እገሌ ነው» በዪ። የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ ዝጊ፤ ለእውነተኛ አደጋ አንድ የስልክ ጥሪ መንገድ ብቻ ክፍት ይሁን፤ ይህንንም አስቀድመሽ ለሁሉም አሳውቂ። ሳያሳውቁ ስልክ መዝጋት ታካሚን ይጎዳል።

—

ጽንስና_ማህፀን

የእንቅልፉን እኔ ልያዘው፤ በእኛ ክፍል ሌሊቱ ረጅም ነውና።

ለ24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የአእምሮው ቅልጥፍና ደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ታይቷል። በዚህ ሁኔታ መኪና አይነዳም። መስኮት መክፈትም ሙዚቃ ከፍ ማድረግም እንቅልፍን አያባርሩም። ከመውጣትሽ በፊት ተረኛ ክፍል ውስጥ 20 ደቂቃ ተኚ፤ ከተቻለ ሰው ይውሰድሽ።

ከሌሊት ዲዩቲ በፊት ከሰዓት በኋላ 90 ደቂቃ ገደማ መተኛት አስቀድሞ ስንቅ መያዝ ነው። ሌሊት ላይ ፋታ ሲገኝ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ከከባድ እንቅልፍ ስትነቂ ለደቂቃዎች ትደነዝዣለሽ፤ በዚያው ሰዓት ኦፕራሲዮን ክፍል ብትጠሪ አደገኛ ነው። ሰውነት ክፉኛ የሚዝለው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው። በነዚያ ሰዓታት የመድኃኒት መጠን ለብቻሽ አታስሊ፤ ነርሷ ደግማ ታስላው።

የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወጥተሽ የምትተኚ ከሆነ የመጨረሻው ቡና ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይለፍ። ጠዋት ቤት ገብተሽ እስከ ማታ አትተኚ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል ተኝተሽ ተነሺና ማታ በጊዜ ተኚ። ቀኑን ሙሉ የተኛች ሌሊቱን ታነጋለች፤ በማግስቱ ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

የምታጠባ ሐኪም ወተት ማለቢያ ሰዓቷ እንደ ማንኛውም ፕሮሲጀር ፕሮግራም ላይ ይጻፍ፦ በየ3 ሰዓቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። «ሲመቸኝ አልባለሁ» ከተባለ አይመችም፤ ጡት ይወጥራል፣ ብግነት ይከተላል፣ ወተቱም ይቀንሳል። የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቦታው የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል ይሁን፤ መጸዳጃ ቤት ቦታው አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት 183ኛው ስምምነት ለምታጠባ ሴት በቀን ውስጥ እንደ ሥራ ሰዓት የሚቆጠርና የሚከፈልበት እረፍት ያስቀምጣል፤ ኃላፊ ሲከራከር ይህን መጥቀስ ይረዳል።

—

ማለዳ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የርክክቡ ነገር እንዲህ ተብራርቶልኝ አያውቅም። ሦስተኛው ግን ቀረ። እምቢ ያለች ሴት «አስቸጋሪ» ትባላለች፤ ወንድ ሲለው «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባላል። ቃሉን ንገሩኝ።

—

ተመላላሽ_ክፍል

ቃሉ እንደ ጠያቂው ይለያያል።

ኃላፊ ተጨማሪ ኮሚቴ ሲሰጥሽ እዚያው አትመልሺ። «ፕሮግራሜን አይቼ ነገ እስከ 6 ሰዓት አሳውቃለሁ» በዪ፤ በሰዓቱም መልሺ። ሲመለስ እንዲህ ይሁን፦ «አሁን የተማሪዎች ምዘናና የሞት ግምገማ ስብሰባ በእኔ ላይ ናቸው። ይህን ከጨመርኩ ከሁለቱ የትኛውን ላስረክብ?» ምርጫው ወደ ሰጪው ይመለሳል፤ በሥራው ላይ ክርክር አይነሳም። ሰበብ አትደርድሪ። «ልጄን የሚጠብቅ የለም» ካልሽ ጠያቂው ሞግዚት ይፈልግልሻል እንጂ ሥራውን አያነሳልሽም።

የማይቆጠረው ሥራ መጀመሪያ ይቆጠር። ለ4 ሳምንት የሠራሽውን ከነደቂቃው መዝግቢ፦ ማስታረቅ፣ ማባበል፣ ፕሮግራም ማውጣት። ከዚያ ለክፍሉ ስብሰባ «ይህ ሥራ ያስፈልጋል፤ በስም ተራ ይግባለት» ብለሽ አቅርቢ። ቅሬታ ሆኖ ከቀረበ ስለ አንቺ ጸባይ ይወራል፤ ዝርዝር ሆኖ ከቀረበ ስለ ሥራው።

ታካሚ ጋር ያለው ጉዳይ ግን ይለያል፣ በደንብ እንየው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ የታተመ ጥናት ሴት ሐኪሞች በአንድ ታካሚ በአማካይ 2.4 ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ እንደሚሰጡ አሳይቷል። ትንሽ ይመስላል። 20 ታካሚ ስታዪ ግን 48 ደቂቃ ነው። ምሳ ሳይበላ የሚቀረው፣ ቻርት ማታ ቤት የሚጻፈው ከዚህ ነው። መፍትሔው ታካሚውን ማቋረጥ አይደለም፤ ያ ጊዜ ጥሩ ሕክምና ነው። የቀጠሮው ርዝመት ከምትሠሪው ሥራ ጋር ይስተካከል። የሁሉንም ታካሚ ቀጠሮ ማስረዘም ባይፈቀድ፣ በጠዋቱ መካከል አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ባዶ ቀጠሮ ይያዝልሽና የተራረፈው እዚያ ይጠቃለል።

በራስሽ እጅ ያለው ደግሞ ይህ ነው። ታካሚው እንደተቀመጠ «ዛሬ የመጡበትን ሁሉ በአጭሩ ይንገሩኝ፤ ከዚያ ከየትኛው እንደምንጀምር አብረን እንወስናለን» በዪ፤ አንዱን ከጨረሰ በኋላ «ሌላስ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተጠየቀ የደረት ሕመሙን በሩን ይዞ ቆሞ ነው የሚነግርሽ፤ ያኔ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ሃያ ይወስዳል። የዚያን ታካሚ ካርድ ቀጣዩ ሳይገባ ጨርሺ። ቀኑ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ካርድ ዝርዝሩ ይምታታል፣ ለማስታወስም ተጨማሪ ጊዜ ይበላል። በግል ስልክሽ የሚመጣ የታካሚ ጥያቄ ላይ «በዚህ መልእክት በአግባቡ ማየት አልችልም፤ ለአስቸኳይ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ላልሆነው ቀጠሮ ይያዙ» የሚል አንድ ዝግጁ ጽሑፍ ይበቃል። አንዴ ብቻ ከመለስሽ ቁጥርሽ ከቤተሰብ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

—

ክፍል_አስተባባሪ

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። ሸክሙን ሁሉ በሐኪሟ ትከሻ ላይ ትተን «ገደብ አብጂ» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። የበርንአውት ተመራማሪዎቹ ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር መዛል የሚመጣባቸውን ስድስት የሥራ ዘርፎች ለይተዋል፦ የሥራ ብዛት፣ በሥራ ላይ ያለ ሥልጣን፣ ምስጋናና ክፍያ፣ የባልደረቦች መደጋገፍ፣ ፍትሕ፣ የእሴት መጣጣም። ከነዚህ በእንቅልፍና በስፖርት የሚስተካከል አንድም የለም።

ስለዚህ ክፍል የምታስተባብሩ እህቶች ወንድሞች እነዚህን አድርጉ። የዲዩቲ ፕሮግራም ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይለጠፍ። ሰው ሲታመም የሚጠራ ተጠባባቂ አስቀድሞ በስም ይታወቅ፤ ካልታወቀ የሚደወለው ሁልጊዜ እምቢ ለማትለዋ ነው። ከዲዩቲ ማግስት ያለው እረፍት በስብሰባ አይነካ። የደኅንነት ስልጠና የምትሰጡ ከሆነ በሥራ ሰዓት ስጡት፤ ቅዳሜ የሚሰጥ የእረፍት ስልጠና ያንኑ እረፍት ይወስዳል። ከወሊድ የተመለሰችን ሐኪም «ናፍቀንሽ ነበር» ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ላይ መደርደር ብዙ ቦታ ይታያል፤ ይቅር።

ለማለዳም አንድ ነገር ልጨምር። ገደብሽ ሥራውን ወደ ነርሷ ወይም ወደ ኢንተርኗ ብቻ የሚገፋው ከሆነ መዛሉ ሰው ቀየረ እንጂ አልቀነሰም። አዲስ ገደብ ስታበጂ ያ ሥራ ወዴት እንደሚሄድ ጻፊ፤ የሚሄድበት ከሌለ ጉዳዩን ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ አቅርቢና ቅጂውን ያዢ።